በቬትናም ጦርነት ስለ ነበረው ስለ አንድ የሄሊኮፕተር ቃኝ ጦር

ቃኘ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ አለው። ባለ ክራሩ ጅማቱን እያጠበቀና እያላላ ድምፁን ሲያስማማ «ክራሩን ቃኘ» ይባላል፤ ወታደርም ከዋናው ጦር ቀድሞ ሄዶ አገሩንና መንገዱን፣ የጠላትንም አሰፋፈር አይቶ ሲመለስ «ቃኘ» ይባላል። በሁለቱም ሥራ ከቃኚው የሚፈለገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ያልተዛባ ነገር ማቅረብ ነው። ጅማቱን ያለ ልክ የወጠረ ሰው ዜማውን ሁሉ እንደሚያበላሽ፣ ያላየውን አየሁ፣ ያየውንም አላየሁም የሚል ቃኚ የተከተለውን ጦር ሁሉ ያሳስታል።

ጓደኞቼ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ዐድዋ፣ ስለ ማይጨውና ስለ ኮርያ ዘመቻ ለመጻፍ ቀድመው ተከፋፍለዋል። እኔ የመረጥሁት ግን ከአገራችን ርቆ በቬትናም ምድር ይሠራ የነበረውን የአንድ አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ቃኝ ጦር ታሪክ ነው። የመረጥሁትም ስለ ጦር መሣሪያ ለማውራት ብዬ አይደለም። ከዚያ ጦር በአንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር ተሳፍሮ፣ ዓለም ሁሉ ኋላ የሰማውን ነገር በዓይኑ ያየ አንድ ወታደር በዚያን ቀን ዕድሜው እንደ እኔው 18 ዓመት ብቻ ስለ ነበረ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ለብቻው ካልገለጽሁ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እነግራለሁ።

ሄሊኮፕተር በጦር ሜዳ ብዙ ዘመን የቈየ ነገር አይደለም። በኪየቭ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው መሐንዲስ ኢጎር ሲኮርስኪ ለሥራ የምትሆን ሄሊኮፕተር ከመሬት ያነሣው በ1939 ነው። በ1944 ሚያዝያ ወር በበርማ ዱር ከጠላት መሥመር በስተ ኋላ የወደቁ አንድ አብራሪና ሦስት ቊስለኛ እንግሊዛውያን ወታደሮች በሄሊኮፕተር ተነሥተው ዳኑ፤ ይህም የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ማዳን ሆኖ ተቈጠረ። ከ1950 እስከ 1953 በተደረገው በኮርያ ጦርነት፣ ስሙን ከልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ያገኘው የቃኘው ሻለቃ ጦራችን በዚያ በተሰለፈበት ዘመን፣ መስተዋት እንደ አረፋ የከበባቸው ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች በሁለት ጎናቸው ቃሬዛ እየታሰረላቸው ከ20,000 በላይ ቊስለኞችን ከግንባር ወደ ሐኪም አደረሱ። ከነዚህ አንደኛዋ ሂለር የተባለው ፋብሪካ የሠራት ሄሊኮፕተር ነበረች፤ አሜሪካኖች «ሬቨን» ይሏታል፤ ትርጓሜውም ቁራ ማለት ነው። ይህችን ቁራ አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከኮርያ በኋላ የአሜሪካ የጦር አለቆች አንድ ጥያቄ አነሡ። ሄሊኮፕተር ቊስለኛ ካነሣ ጤነኛውን ወታደርስ ወደ ውጊያ ለምን አያደርስም? ደግሞስ የጥንት ፈረሰኛ ይሠራው የነበረውን የቅኝት ሥራ ለምን አይሠራም? በ1962 በጄኔራል ሐሚልተን ሃውዝ የሚመራ ጉባኤ ነገሩን መርምሮ ይሆናል ብሎ ስለ ፈረደ፣ ብዙ ሙከራ ከተደረገ በኋላ በ1965 ሐምሌ ወር 1ኛው የፈረሰኛ ክፍለ ጦር በሄሊኮፕተር የሚንቀሳቀስ ጦር ሆኖ ተቋቋመና በዚያው ዓመት በቬትናም ደጋ በአን ኬ ሰፈረ። ለዚህ ክፍለ ጦር ዓይን ሆኖ የተመደበው የ9ኛው ፈረሰኛ 1ኛ ሻለቃ ነው። ስለ ዘጠነኛው ፈረሰኛ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ በ1866 ሲቋቋም ወታደሮቹ ጥቊሮች ነበሩ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በፊት ባሪያ ሆነው የኖሩ ናቸው። ፈረሱ በሞተር ተተካ፤ ስሙ ግን ቀረ።

የአሠራራቸው ብልሃት በሦስት ቀለም ይጠራ ነበር። ነጭ የተባሉት ቃኚዎቹ ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች ናቸው፤ የዛፍ ጫፍ እስኪነኩ ዝቅ ብለው ይበራሉ። ቀይ የተባሉት መትረየስና ሮኬት የታጠቁ ናቸው፤ ከፍ ብለው እየዞሩ ነጩን ይጠብቃሉ። ሰማያዊ የተባሉት ደግሞ በትልልቅ ሄሊኮፕተሮች የተጫኑ እግረኞች ሲሆኑ፣ ነጩ ያገኘውን ነገር ወርደው በእጃቸው ያጣራሉ። በ1965 ኅዳር ወር መጀመሪያ ቀን በፕሌይ ሜ አጠገብ ቃኚዎቹ በዱር ውስጥ የሚሄዱ ሰዎች አይተው እግረኞቹ ቢወርዱ የሰሜን ቬትናም ጦር የተሟላ የሜዳ ሆስፒታል ይዘው ተገኙ። ከላይ በፍጥነት የሚያልፍ የጄት አውሮፕላን ይህን ሊያይ አይችልም፤ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው።

ዝቅ ብሎ መብረር ማለት ምን እንደ ሆነ በሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል። የቃኚዋ አብራሪ የሚያየው ካርታ አይደለም። የተረገጠውን ሣር፣ የጠፋውን እሳት ፍም፣ በመንደር ውስጥ ከነዋሪው ቊጥር በላይ የተሰጣውን ልብስ ያያል። የሰውንም ፊት ያያል። በምድር ያለው ሰው ደግሞ እርሱን ያየዋል፤ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ሊመታው ይችላል። ስለዚህ ከቃኞቹ ብዙ ሰው አለቀ። ከ1967 መጨረሻ አንሥቶ የመጡት አዲሶቹ የቅኝት ሄሊኮፕተሮች ከ1,400 በላይ ሆነው ተሠርተው ከ800 በላይ የሚሆኑት በዚያ ጦርነት ወድመዋል። በጠቅላላው ወደ ቬትናም ከሄዱት 12,000 ከሚጠጉት ሄሊኮፕተሮች ከ5,000 በላይ ሳይመለሱ ቀርተዋል።

ይህ የ9ኛው ፈረሰኛ አሠራር መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ ሌሎች ክፍለ ጦሮችም እየቀዱ አቋቋሙ። ከተቋቋሙትም አንዱ የ123ኛው የአቪዬሽን ሻለቃ «ቢ» ሻምበል ነው። የሚያገለግለው «አሜሪካል» በመባል የሚታወቀውን 23ኛውን ክፍለ ጦር ነበረ። ሰፈሩ በባሕር ዳር በቹ-ላይ ሲሆን የሚቃኘው ምድር የኳንግ ንጋይ አውራጃ የሩዝ ማሳና የአሸዋ ዳርቻ ነው። የሻምበሉ አዛዥ ሻለቃ ፍሬድሪክ ዋትኪ ነበሩ። ወታደሮቹም ለራሳቸው «የጦር ጌቶች» የሚል ስም አውጥተው ነበር፤ ጕረኛ ስም ነው፤ ነገር ግን ወጣቶች ስለ ነበሩ አይፈረድባቸውም። ሥራቸው ከላይ እንዳልሁት ነበረ፤ አንዲት ትንሽ ቃኚ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፤ ሁለት የታጠቁ ከላይ ይከተሏታል። አዲሶቹ ሄሊኮፕተሮች ገና ስላልደረሷቸው በ1968 መጀመሪያ ዝቅ ብላ ትበር የነበረችው ያቺው የኮርያዋ ቁራ ናት። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ተጣብቦ ይቀመጥባታል።

በአንዲቱ ቁራ ውስጥ የነበሩትን ሦስቱን እነሆ። አብራሪው ሂዩ ቶምሰን የጆርጂያ ክፍለ ሀገር ተወላጅ፣ የ24 ዓመት ሰው ነው፤ አስቀድሞ በባሕር ኃይል አገልግሎ ከተሰናበተ በኋላ በ1966 ወደ ምድር ጦር ገብቶ ሄሊኮፕተር መንዳት ተማረ፤ ማዕረጉ ከመኮንኖቹ ሁሉ በታች የሆነው «ዋራንት ኦፊሰር» ነበረ። የሄሊኮፕተርዋ ኃላፊ ግሌን አንድሬዮታ 20 ዓመቱ ነው። መትረየስ ይዞ በደጃፍ የሚቀመጠው ሎሬንስ ኮልበርን 18 ዓመቱ።

መጋቢት 7 ቀን 1960 በእኛ አቈጣጠር፣ በፈረንጅ 16 ማርች 1968 ቅዳሜ ነበረ። በዚያን ቀን ጧት ከ11ኛው ብርጌድ አንድ የእግረኛ ሻምበል በሻምበል ኧርነስት ሜዲና አዛዥነት በሶን ሚ ቀበሌ ወደምትገኝ ሚ-ላይ ወደ ተባለች መንደር በሄሊኮፕተር ወረደ። በዚያ ትልቅ የቬትኮንግ ጦር ታገኛላችሁ ተብለው ነበርና ወታደሮቹ ውጊያ ይጠብቁ ነበር። መድፍ ቀድሞ ተኰሰ፤ ከዚያ እግረኞቹ ገቡ። የመለሰላቸው ተኵስ ግን አልነበረም። በመንደሩ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም ቊርሳቸውን በማሰናዳት ላይ ነበሩ።

ቶምሰንና ጓደኞቹ በማሳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየበረሩ ጠላት ይፈልጉ ነበር። መሣሪያ ይዞ የሚሮጥ አንድ ሰው ብቻ አይተው ተከተሉት፤ አመለጣቸው። ሕዝቡም በመንገድ ወደ ገበያ ሲሄድ አይተዋል። ከዚህ በኋላ ነዳጅ ሊቀዱ ሄደው ሲመለሱ በዚያው መንገድ ላይ ሬሳ ተዘርግቶ አገኙ። ከወደቁት የቈሰሉ ስለ ነበሩ ቶምሰን በአጠገባቸው አረንጓዴ ጢስ እየጣለ ምልክት አደረገ፤ ይህም በምድር ያሉት ወታደሮች መጥተው እንዲረዷቸው ነው። ዞሮ ሲመለስ ግን ምልክት ያደረገባቸው ቊስለኞች ሞተው ያገኛቸው ነበር። አንዲት የቈሰለች ወጣት ሴት አንድ ሻምበል ቀርቦ ሲገድላት ሦስቱም ከአየር ላይ በዓይናቸው አዩ። ሻምበል ሜዲና ኋላ በፍርድ ቤት የእጅ ቦምብ የያዘች መስሎኝ ነበር ብሏል።

አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሌሎችም ሄሊኮፕተሮች በዚያ ሰማይ ላይ ነበሩ፤ ከፍ ብለው የሚዞሩ የጦር አለቆችም ነበሩ፤ እነርሱስ አላዩምን? በሺሕ ጫማ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ጢስና የሚሮጥ ነገር ያያል፤ በውጊያ ውስጥ ያለ መንደርም ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብሎ ራሱን ሊያሳምን ይችላል። የነቶምሰን ዕድል ወይም መከራ ግን ዝቅ ብሎ መብረር ነበረ። ቅኝት የሚባለው ሙያ የሚሻው ይህንኑ ነውና ራሳቸውን የሚያታልሉበት ከፍታ አልነበራቸውም።

በመንደሩ ምሥራቅ በኩል በአንድ የመስኖ ቦይ ውስጥ ብዙ ሰው ተከምሮ አዩ፤ አንዳንዱ ይንቀሳቀስ ነበር። ቶምሰን አረፈና በዚያ የነበሩትን ወታደሮች ጠየቀ። የመቶ አለቃ ዊሊያም ካሊ የምድሩ አዛዥ እርሱ መሆኑን፣ ነገሩም አብራሪውን የማይመለከተው መሆኑን ነገረው። ቶምሰን ሊነሣ ሲል ተኵሱ በቦይው ላይ እንደገና ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በወታደር ቤት ያልተለመደ ነው። አሥር የሚያህሉ ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ወደ አንድ የመሬት መጠለያ ሲሮጡ፣ ወታደሮችም ሲከተሏቸው ከላይ ታየ። ቶምሰን በሁለቱ መካከል ሄሊኮፕተሩን አሳረፈ። ለኮልበርንና ለአንድሬዮታ፣ እኔ ሰዎቹን ሳወጣ እነዚህ ወታደሮች በሕዝቡ ላይ የተኰሱ እንደ ሆነ በወታደሮቹ ላይ ተኵሱ ብሎ አዘዛቸው። ወታደሮቹ የገዛ አገራቸው ልጆች ናቸው። ከዚያም የሚያዝዛቸውን መኮንን፣ በማዕረግ የሚበልጠውን፣ አነጋግሮ መልካም መልስ ስላላገኘ መሣሪያውን ሳያነሣ ወደ መጠለያው ሄዶ ሰዎቹን በእጁ ምልክት እየጠራ አወጣቸው። የርሱ ቁራ ይህን ሁሉ ሰው ልትይዝ ስለማትችል ከላይ ይጠብቁት የነበሩትን ባለ መሣሪያ ሄሊኮፕተሮች በራዲዮ ለመናቸው። ባለ መሣሪያ ሄሊኮፕተር በውጊያ መካከል ሰው ለመጫን ማረፍ ልማዱ አይደለም፤ ጓደኞቹ ግን አረፉለት፤ ሰዎቹም በሁለት ጉዞ ወደ ደኅና ቦታ ተወሰዱ።

ቁራዋ ስትመለስ በቦይው ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አዩ። አንድሬዮታ ወርዶ በሬሳው መካከል እየተራመደ ገብቶ አንድ ሕፃን ልጅ በሕይወት አወጣ፤ ደም ከመላበሱ በቀር ብዙም አልቈሰለም። ልጁን ታቅፈው በኳንግ ንጋይ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል አደረሱት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ክርክር ላንሣ። ከጓደኞቼ ጋር ስንነጋገር፣ ወታደር የአለቃውን ትእዛዝ ሊመረምር አይገባውም፤ በወገኑ ላይ መሣሪያ ያዞረ ሰውም ከሐዲ ነው የሚል አሳብ ተነሥቶ ነበር። ይህ አሳብ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ወታደር ትእዛዝን በልቡ ሚዛን እየመዘነ የሚቀበል ከሆነ ጦር አይቆምም፤ አገርም ሳትጠበቅ ትቀራለች። ነገር ግን ለቶምሰን የተሰጠው ትእዛዝ ምን ነበር? ሂድና እይ፤ ያየኸውን ተናገር፤ በምድር ያለውን ወገን ጠብቅ የሚል ነበር። ካሊም ትእዛዝ ፈጸምሁ አለ፤ ቶምሰንም ሥራውን ፈጸመ። ልዩነቱ አንደኛው የታዘዘውን ሲፈጽም በፊቱ ያለውን ሰው አላየም፤ ሁለተኛው ግን አየ። የተማረከንና ያልታጠቀን ሰው መግደል ደግሞ በራሱ በአሜሪካ ጦር ሕግ የተከለከለ ስለ ነበር፣ ሕግ ያፈረሰው ሄሊኮፕተሩን በመካከል ያሳረፈው ሰው አልነበረም። ለክርክሩ ይህ ይበቃል ባልልም፣ የኔ ፍርድ ወደዚህ ያደላል።

ቶምሰን ወደ ሰፈር በተመለሰ ጊዜ በቁጣና በኀዘን ሆኖ ያየውን ለሻለቃ ዋትኪ ነገረ። ዋትኪም ለዘመቻው አዛዥ ለሌተና ኮሎኔል ባርከር ነገሩ፤ ወዲያውም ግድያው ይቁም የሚል ቃል በራዲዮ ወደ መንደሩ ደረሰ። በዚያ ቀበሌ በሚቀጥሉት ቀናት ሊደረግ የታሰበውም ዘመቻ ቀረ። ስንት ሕይወት በዚህ እንደ ተረፈ ሊቈጥር የሚችል የለም፤ ነገር ግን የአንድ ቃኚ ወሬ የሠራው ሥራ ይህን ያህል ነው።

በእኛ አገር ተልኮ ሳይመለስ የሚቀረውን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን፤ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ በዚያው እንደ ቀረው ቁራ ማለት ነው። ይህች ቁራ ግን ተመልሳ መልእክቷን አደረሰች። መልእክቱን የቀበሩት በመርከቡ ውስጥ የነበሩት ናቸው። በበነጋው የሻለቃው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ሆላዴይና ዋትኪ አብረው ወደ ብርጋዴር ጄኔራል ያንግ ቀርበው ነገሩን አስታወቁ። ቶምሰንም ለአንድ የጦር ቄስ ነገሮት ቄሱ ለበላዩ አሳለፈ፤ ፍሬ ግን አላገኘም። ምርመራ እንዲያደርጉ የታዘዙት የብርጌዱ አዛዥ ኮሎኔል ሄንደርሰን በሚያዝያ ወር ባቀረቡት ጽሑፍ፣ 20 ያህል ሰላማዊ ሰዎች በመድፍና በሁለት ወገን ተኵስ መካከል ሳይታሰብ ሞቱ አሉ። ለጋዜጣ የወጣው መግለጫ ደግሞ 128 ጠላት ተገደለ የሚል ነበር። የተማረከው መሣሪያ ሦስት ብቻ ነው። 128 ሬሳና ሦስት ጠመንጃ! ሒሳብ የሚያውቅ አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ይህን ቢያይ ይጠይቅ ነበር፤ በክፍለ ጦሩ ግን ጠያቂ አልተገኘም። ኋላ በአሜሪካ ጦር ምርመራ የተገመተው የሟቾች ቊጥር 347 ሲሆን፣ በመንደሩ በተሠራው መታሰቢያ ላይ የተጻፈው 504 ነው።

ለሦስቱ ሰዎች ሜዳይ ተሰጣቸው፤ ይህም ከነገሩ ሁሉ ይልቅ ያስገርመኛል። ቶምሰን ለአብራሪዎች የሚሰጠውን ከፍ ያለ መስቀል ሲቀበል፣ የምስክር ወረቀቱ ልጁን ከብርቱ የተኵስ ልውውጥ መካከል አዳነ ይላል። በዚያ የተኵስ ልውውጥ አልነበረም። ሰው ሐሰተኛ ምስጋና ሲሰጠው አፉን ይይዛል ብለው ያሰቡ ይመስላል፤ ቶምሰን ግን ሽልማቱን ወረወረው። አንድሬዮታ ያን ልጅ ካወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በ1968 ሚያዝያ 8 ቀን በውጊያ ላይ ሞተ። ቶምሰንም ቅኝቱን ቀጥሎ በመጨረሻ ከሄሊኮፕተሩ ጋር ወድቆ ጀርባው ተሰበረ። ባርከርም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቱ።

ነገሩን ከተቀበረበት ያወጣው ሮናልድ ራይደንአወር የተባለ ሌላ ወጣት ወታደር ነው። እርሱም በሄሊኮፕተር ተኳሽነት ያገለገለ ሲሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያች መንደር ላይ በርሮ ባዶነትዋን አይቶ ነበር። ከወታደሮቹ አፍ የሰማውን እያጠራቀመ በ1969 መጋቢት ወር ለኮንግረስ አባሎችና ለመንግሥት ባለ ሥልጣኖች ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት በኅዳር ጋዜጠኛው ሲሞር ኸርሽ ነገሩን በጋዜጦች አሳተመ፤ አንድ የጦሩ ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣቸውም ሥዕሎች ወጡ። ሌተና ጄኔራል ዊሊያም ፒርስ 400 የሚያህሉ ምስክሮችን ሰምተው በ1970 መጋቢት ወር የቀረበው መዝገባቸው፣ የክፍለ ጦሩን አዛዥ ጨምሮ ብዙ መኮንኖች ነገሩን እንደ ሸፈኑ አረጋገጠ። ከነፒርስ ምስክሮች ዋነኞቹ እነዚያ ቃኚዎች ነበሩ፤ ከአየር ያዩትን ቦታና ሰዓት መናገር ይችሉ ነበርና።

ፍርዱ ግን እንደ ምስክሩ አልሆነም። ከተከሰሱት ሁሉ የተፈረደበት ካሊ ብቻ ነው፤ በ1971 መጋቢት ወር 22 ሰው በመግደል ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከወኅኒ አውጥተው በቤቱ እንዲጠበቅ ስላዘዙለት፣ ፍርዱም ኋላ እየተቃለለ ስለ ሄደ፣ በ1974 ነጻ ወጣ። በ2024 ሞተ። ቶምሰን በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የጦር ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በተመረመረ ጊዜ ሊቀ መንበሩ ሜንዴል ሪቨርስ፣ በዚህ ነገር ቅጣት የሚገባው ሰው ቢኖር በወገኑ ላይ መሣሪያ ያዞረው ይህ አብራሪ ብቻ ነው ብለው በይፋ ተናገሩ። እገድልሃለሁ የሚል ቃል በስልክ ይደርሰው፣ የሞተ እንስሳም በደጁ ይጣልበት እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። እንዲህ ሆኖ 30 ዓመት አለፈ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በ1989 በእንግሊዝ አገር ስለ ሚ-ላይ የተሠራውን ፊልም አይተው ለባለ ሥልጣኖች ደብዳቤ በመጻፍ ስለ ተከራከሩ፣ በ1998 መጋቢት 6 ቀን የአሜሪካ ጦር ለሦስቱ ሁሉ የወታደር ሜዳይ የተባለውን ሰጠ፤ ይህ ሜዳይ ከጠላት ጋር በመዋጋት ላይ ላልሆነ ጀግንነት የሚሰጥ ነው። ሜዳዩን በጓዳ ሊሰጡት ቢያስቡ ቶምሰን እምቢ አለ፤ ጓደኞቼም አብረው ይሸለሙ፣ ሥነ ሥርዓቱም በዋሺንግተን ስማቸው በጥቊር ድንጋይ ላይ በተቀረጸው በቬትናም ሙታን መታሰቢያ ፊት ይሁን አለ። እንዳለውም ሆነ። የአንድሬዮታም ስም በዚያው ድንጋይ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የጦር ትምህርት ቤቶች ወጣት መኮንኖች የዚያችን ቁራ ታሪክ ይማራሉ፤ ቶምሰንም እስከ ሞተበት እስከ 2006 ድረስ እየዞረ ራሱ ያስተምራቸው ነበር።

ሥራው ራሱ ግን ሊጠፋ ተቃርቧል። የአሜሪካ ጦር የመጨረሻዎቹን የቅኝት ሄሊኮፕተሮች በ2017 ከአገልግሎት አወጣ፤ ሊተካቸው ያሰበውንም አዲስ ሄሊኮፕተር በ2024 የካቲት ወር ትቶታል። ምክንያቱም በዩክሬን ጦርነት እንደ ታየው ሰው የሌለባቸው ርካሽ ድሮኖች ያንኑ ሥራ የአብራሪ ሕይወት ሳይጠፋ ስለሚሠሩ ነው። ለአብራሪዎቹ እናቶች ይህ ታላቅ ደስታ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ድሮን ከቁራይቱ ይልቅ ጥርት አድርጎ ያያል፤ ያየውንም ሁሉ ይመዘግባል። ከገዳይና ከሟች መካከል ወርዶ ለመቆም ግን አልተሠራም፤ በስክሪን ፊት የተቀመጠው ወጣት ያንን ሥራ በምን እንደሚሠራው የጦር ትምህርት ቤቶቹ ሊያስቡበት የሚገባ ይመስለኛል።

ሜዳዩን በተቀበሉ በዚያው ወር ቶምሰንና ኮልበርን ወደ ሶን ሚ ሄዱ። የግድያው 30ኛ ዓመት ነበረ። ከመጠለያው ካወጧቸው መካከል ሁለት ሴቶችን አገኙ። አንዲቱ ቶምሰንን፣ ያንን ያደረጉት ሰዎች ከእናንተ ጋር ለምን አልመጡም ብላ ጠየቀችው። በድንጋጤ ዝም አለ። እርሷ ግን ነገሯን አልጨረሰችም ነበርና፣ ይቅር እንድንላቸው ነበር አለችው። ቶምሰን ይህን ሲያወራ፣ እኔ ይህን ለማድረግ የሚበቃ ልብ የለኝም ይል ነበር። በዚያ ጉዞ ለመንደሩ ልጆች የተሠራውን አዲስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መረቁ።